ማስገባቱ በነጻ ነው፤ ማስወጣቱስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። መርካቶ አካባቢ ያለ የሴቶች የቁጠባና ብድር ማህበር ሰብሳቢ ነኝ። ጤና ጣቢያው ቅርባችን ነው፤ የወሊድ መቆጣጠሪያም በነጻ ይሰጣል። ግን ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ጀምረው ያቆማሉ። አንዷ ክንዷ ላይ የተቀበረላትን ለማስወጣት ሁለት ጊዜ ሄዳ ‹ጊዜሽ ገና ነው› ተብላ ተመለሰች። ሌላዋ ባሏ ሳያውቅ በየሦስት ወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ሁሌ ሰቀቀን ላይ ናት። ሥልጠና ላይ ‹ሴት የራሷ ገቢ ካላት በራሷ ትወስናለች› ብለውን ነበር። ገቢስ አለን። ታዲያ ምን ጎደለን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ሦስት አራት ጥያቄ አለ። እኔ የምጀምረው «ጊዜሽ ገና ነው» ከምትለዋ ነው። በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ እዚሁ ጅማ ስሠራ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። ሴቶቹ ለምን ጀምረው እንደሚያቆሙም ከሥልጠናው ሁሉ በላይ የምትነግረን እሷ ናት።

«ገና» የሚባል ጊዜ የለም። ክንድ ላይ የሚቀበረው መድኃኒት፣ ኢምፕላኖን፣ ሦስት ዓመት ያገለግላል ማለት ሦስት ዓመት የግድ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ሦስት ዓመቱ ጣሪያው ነው። በሦስተኛ ወሯም ትምጣ በሦስተኛ ሳምንቷ፣ «አውጡልኝ» ካለች ይወጣላታል። ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደሙ አስቸግሯት ከሆነ የሚረዳት ነገር ይኖራል፤ ሐሳቧንም ልትቀይር ትችላለች። ምክንያቷን በሚዛን አስቀምጦ መፍቀድና መከልከል ግን የባለሙያ ሥራ አይደለም።

አወጣጡን አይቶ የማያውቅ ሰው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይመስለዋል። ኢምፕላኖን የምንለው አንድ ለስላሳ ዘንግ ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር፤ የክብሪት እንጨት ያህል ነው። የሚቀመጠው በላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን፣ ከቆዳው ሥር ነው። ሥጋ ውስጥ አይገባም። ሲወጣ ባለሙያዋ መጀመሪያ በጣቷ ትዳስሰዋለች። አንዱን ጫፍ ጫን ስትለው ሌላው ጫፍ ቆዳውን ገፋ አድርጎ ብቅ ይላል። እዚያች ቦታ ሥር ትንሽ ማደንዘዣ ትወጋለች። ቀጥላ ቆዳውን በጣም በትንሹ ትሰነጥቃለች። ዘንጉን እየገፋች ወደ ስንጥቁ ታመጣና ጫፉ ሲታይ በመቆንጠጫ ይዛ ትስበዋለች። ስፌት የለውም። ፕላስተር ይለጠፋል፣ ፋሻ ይጠመጠማል፣ አለቀ። በትክክል የተቀበረ ከሆነ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ጃዴል የሚባለው ሌላው የክንድ ዓይነት ሁለት ዘንግ ስለሆነ ትንሽ ይቆያል። ሲዳሰስ የማይገኝ ከሆነ ብቻ ነገሩ ይለያል። ያኔ ጤና ጣቢያ ላይ እየቆፈሩ መፈለግ አያስፈልግም፤ በአልትራሳውንድ ወደሚታይበት ሆስፒታል ትላካለች።

ታዲያ ይህን የምታህል ሥራ ለምን ይከለክሏታል? ባለሙያዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ከጅምሩ ሥርዓቱ የተዘረጋው ለማስገባት ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ሠልጥነው ወደየቀበሌው ወረዱ። ማስወጣት ግን ለጤና ጣቢያ ተተወ። ስለዚህ ከከርሳ ወይም ከሰቃ ገጠር የመጣች ሴት በር አጠገቧ ያስገባችውን ለማስወጣት መኪና ተሳፍራ፣ ሥራ ፈትታ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ የሠለጠነችው ነርስ ዓመት ፈቃድ ላይ ትሆናለች፣ ወይ ማደንዘዣው አልቋል። ሌላም ነገር አለ፤ ሪፖርቱ። ስንት ሴት አስገባች ተብሎ ይቆጠራል፣ ይመሰገንበታልም። ያስወጣች ሴት ሪፖርቱ ላይ እንደ ኪሳራ ነው የምትታየው። እንዲህ ባለ ቦታ «ጊዜሽ ገና ነው» ማለት በጣም ይቀላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ላንሳ። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ኮታ ለመሙላት ሲባል ሚሊዮኖች፣ በዚያን ጊዜ በብዛት ወንዶች፣ መካን የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተሠራባቸው። ብዙዎቹ በግዳጅ ነበር። የቤተሰብ ምጣኔ የሚባለው ነገር ስሙ ጎደፈ። እ.ኤ.አ. በ1994 ካይሮ ላይ መንግሥታት ተሰብስበው አቅጣጫውን ከቁጥር ወደ ሴቷ ምርጫ ያዞሩት እንዲህ ያለው ነገር አስተምሯቸው ነው። አገራችንም ከተስማሙት አንዷ ናት። አንዲትን ሴት በጉልበት አስገቢ ማለትና የገባውን አላወጣም ማለት በዓይነት አንድ ናቸው። የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው።

የጓደኛሽ መመለስ ደግሞ እሷ ዘንድ አይቆምም። እቁብ ላይ ታወራዋለች። ቡና ላይ ትደግመዋለች። የሰሙት ሁሉ «ከገባ አይወጣም» ብለው ይደመድማሉ። ከዚያ በኋላ አንቺ በማህበሩ ስብሰባ ስለ ጥቅሙ ስታስረጂ ብትውዪ ማን ይሰማሻል? እኔ አገልግሎት ደርሷል የምለው ሴቷ ስትፈልግ መጀመር፣ ስትፈልግ መቀየር፣ ስትፈልግ ማቆም ስትችል ነው። ሦስቱም ካልተሟሉ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ሞልቶ ቢፈስ አልደረሳትም።

አንድ ነገር ግን ላለማዳላት ልበል። ባለፉት ዓመታት የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ባለትዳር ሴቶች ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 6 ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 41 ደረሰ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባይኖር ይህ አይታሰብም ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት 35 በመቶ የሚሆነው አጠቃቀም ዓመት ሳይሞላው ተቋርጧል። አንዳንዷ ልጅ ፈልጋ ነው ያቆመችው፤ እሰየው። ሌላዋ ግን መውለድ ሳትፈልግ ነው ያቆመችው። ያንቺም ማህበር ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

ለምን ታቆማለች? አንደኛውና ዋናው ደም ነው። ኢምፕላኖን ያስገባች ሴት የወር አበባዋ ሊዘበራረቅ ይችላል። አንዷን ጠብ ጠብ እያለ ሳምንታት ያስቸግራታል፣ አንዷን ጭራሽ ይቀርባታል። መመሪያ ላይ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» ተብሎ ይታለፋል። ቀላል ያለው ሰው መርካቶ ሽንኩርት ዘርግቶ አልዋለም። ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው መጸዳጃ የት ያገኛል? በዚያ ላይ ሙስሊሟ «ሶላት ልስገድ ወይስ ልተው? ጾሜስ?» ብላ ትጨነቃለች፤ ክርስቲያኗ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ትቀራለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ባል አለ። አንድ ነገር ሰውነቷን ሳይጎዳ ኑሮዋን ሊያናጋ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ካለ ትታገሳለች፤ ካልነገራት በሽታ ያዘኝ ትላለች። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይቀንሳል። ካልቀነሰም ባለሙያ ለአጭር ጊዜ የምታዝላት መድኃኒት አለ። መድኃኒቱም አልረዳትም? ያኔ ሌላ ዓይነት ትቀይር። ደሙ ከመደበኛው እጥፍ ከፈሰሳት፣ ወይ የተቀበረበት ቦታ ካበጠና መግል ከያዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ።

የወር አበባ ሲቀርባት «ደሙ የት ሄደ?» የሚል ጥያቄም አለ። ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል ይባላል። የትም አልሄደም። መድኃኒቱ የማህፀኑን ግድግዳ ስላሳሳው የሚፈስ ነገር ስላልተሠራ ነው።

«መርፌው ማህፀን ያደርቃል» የሚለውን ደግሞ ዝም ብሎ አሉባልታ ነው ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። አያደርቅም። ግን ወሬው ያለ ነገር አልተነሳም። የሦስት ወሩን መርፌ፣ ዲፖን፣ ያቆመች ሴት ሌላ ዘዴ ካቆመችው ይልቅ ለማርገዝ በአማካይ 4 ወር ያህል ትዘገያለች። አንዳንዷ ከዚህም ይቆይባታል። እንግዲህ አስቢው፤ አዲስ ሙሽራ ናት፣ አማት በየወሩ ሆዷን ያያሉ፣ መርፌ እንደተወጋች ሰፈሩ ያውቃል። ስድስት ወር ካለፈ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። መፍትሔው መዘግየቱን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ነው። በሚቀጥለው ዓመት መውለድ ለምታስብ ሴት መርፌውን አልመክራትም። ኢምፕላኖንም፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም ሲወጡ እርግዝና የመያዝ ችሎታዋ ወዲያው ይመለሳል። ሉፕ ሆርሞን የሌለው ዓይነት አለ፤ አንዴ ከገባ 10 ዓመት ይሠራል። እኛ አገር ብዙ ሴት ትፈራዋለች። በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይ ተፈርቷል።

የቡና ለቀማ ነገርስ? ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታህሳስ ስንቷ ወደ ማናና ጎማ ወርዳ የመርፌ ቀጠሮዋ እንደሚያልፍባት አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። አለፈ ብላ ተስፋ ቆርጣ ትቀራለች። ይህን ለአባሎችሽ ንገሪያቸው፦ ዲፖ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ያለ ምንም ምርመራ ይወጋል። 2 ሳምንት ቀድሞም ይቻላል። ስለዚህ ለለቀማ ከመውረዷ በፊት ብትወጋ ይሻላል። (ጳጉሜ መሃል ከገባች ሦስት ወሩ 5 ወይም 6 ቀን ይጨምራል፤ በዚህ አትጨነቁ።) 4 ሳምንቱም ካለፈ ቢሆን በር አይዘጋባትም፤ አለማርገዟ ተረጋግጦ ትወጋለች፣ ለ7 ቀን በኮንዶም ትደግፈዋለች። ሴቷ ራሷን በራሷ የምትወጋው፣ ከቆዳ ሥር የሚገባ መርፌም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ራስን መውጋትን ይመክራል። ጤና ጣቢያችሁን «ይኖራችኋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ ዕቃ ይመጣል።

አሁን ወደ ገቢው ልምጣ። «ሴት ገቢ ካላት በራሷ ትወስናለች» የሚለው ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው። ገንዘብ የትራንስፖርቱን ይሸፍናል፣ የግል ክሊኒክም ያስኬዳል። የሚያስጨንቅሽ ሰው ቤትሽ ውስጥ ካለ ግን ገንዘቡ እዚያ በር ላይ ይቆማል። በባንግላዴሽ ማትላብ በሚባል ገጠር እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተሞከረ አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ መንደሮች ሴት የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የተለያየ ዓይነት መቆጣጠሪያ ያቀርቡ ጀመር። ሴቲቱ ከቤት መውጣት የለባትም፣ ማስፈቀድ የለባትም። ሠራተኞቹ ሰጥተው አልጠፉም፤ ተመልሰው እየመጡ «እንዴት ሆንሽ? አልተስማማሽም? ይህንን ልስጥሽ» ይላሉ። በእነዚያ መንደሮች የወሊድ ብዛት ከጎረቤቶቻቸው በፍጥነት ወረደ። ሴቶቹ ሀብታም እስኪሆኑ አልተጠበቀም። እኔ ከዚህ የምወስደው ተመልሶ መምጣቱን ነው። እኛ አገር ቤት ለቤት መሄዱን ተምረናል። ተመልሶ «እንዴት ሆንሽ?» ማለቱ ነው የቀረን።

በተገላቢጦሹም ይሠራል። የማህበርሽን መዝገብ ግለጪና ብድር መመለስ ያቃታቸውን እይ። ሳታስበው አርግዛ ሥራ ያቆመች ትኖር ይሆናል። ልጅ ማራራቅ ራሱ የብድር ዋስትና ነው።

ባሏ ሳያውቅ ስለምትወጋው እህት ሕጉን ልንገርሽ። የባል ፈቃድ አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ ማግኘትን የሴቶች መብት አድርጎ በስም ጠርቶ ጽፎታል። ጤና ጣቢያ ላይ «ባልሽ ያውቃል?» ብትባል «ይህ ለአገልግሎቱ መስፈርት ነው ወይ?» ብላ መመለስ ትችላለች። መስፈርት አይደለም። ካርዷንም ቤት መውሰድ የለባትም፤ እዚያው አስቀምጡልኝ ትበል። መርፌ ምልክት አይተውም። ክንድ ላይ ያለው ሲዳሰስ ይታወቃል።

መብቷ ነው ማለት ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። በዛምቢያ ሉሳካ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞክረዋል። የቤተሰብ ምጣኔ ነርስ በቅድሚያ የሚያገናኝ ኩፖን ለአንዳንዶቹ ሴቶች ብቻቸውን፣ ለሌሎቹ ባላቸው ባለበት ሰጡ። ብቻቸውን የተሰጣቸው የበለጠ ተጠቀሙ፤ ያልፈለጉትን ልጅም ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ወለዱ። ኋላ ሲጠየቁ ግን ደስታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምስጢር ይከብዳል። የጓደኛሽ ሰቀቀንም ይኸው ነው። ስለዚህ እኔ «ንገሪው» ወይም «ደብቂው» አልላትም። የሚማታ ሰው ከሆነ አትንገረው፤ ደህንነቷ ይቀድማል። ዝም ብሎ ልጅ የሚወድ፣ ወሬ የሚፈራ ሰው ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፈራነውን ያህል አይሆንም። ብዙ ባል የሚቃወመው መድኃኒቱን ሳይሆን ሳይጠየቅ መቅረቱን ነው። ኒጀር ውስጥ «የባሎች ትምህርት ቤት» ተብሎ የተጀመረው ነገር በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ወንዶቹ ራሳቸው ተሰብስበው ስለ ሚስቶቻቸው ጤና ይነጋገራሉ። ጅማ ላይ እድርም ጀመዓም ሞልቶልናል፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም።

ሃይማኖት ይነሳል፤ መነሳቱ አይቀርም። በአጭሩ ልበል። ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ማጥባትን እስከ ሁለት ሙሉ ዓመት ያደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከወለዱ በኋላ ቀጣዩን እርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወር ይጠበቅ ይላል። ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ዐዝል፣ ማለትም ዘርን ወደ ውጭ ማፍሰስ፣ ያደርጉ እንደነበርም በሐዲስ ተዘግቧል። ማራራቅ ላይ የሚፈቅዱ ዑለሞች ብዙ ናቸው፤ ለዘለቄታው መዝጋት ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ፈትዋ አልሰጥም። እናንተ ግን የምታምኑትን ሼኽ ወይም የንስሐ አባት በቀጥታ ጠይቁ። «ሃይማኖት ይከለክላል» የሚሉሽ ሁሉ ጠይቀው አይደለም።

ማህበራችሁ ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት ሌላ የግንዛቤ ሥልጠና አታዘጋጁ። ግንዛቤውስ አላችሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ሂዱና ኢምፕላኖን የምታወጣው ማን እንደሆነች፣ በየትኛው ቀን እንደምትገኝ፣ እሷ ከሌለች ማን እንደሚተካት ጠይቁ። መልሱን ጽፋችሁ የብድር ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ለጥፉት። ማደንዘዣ የለም ካሏችሁ መቼ እንደጠፋ ጠይቁ፤ ኃላፊው ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የሚጽፈው ነገር ያገኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ለቤተሰብ ምጣኔ የምትሰጠውን እርዳታ ካቋረጠች ወዲህ የመድኃኒት አቅርቦት ጉዳይ ከበፊቱ የበለጠ ስለሚያሳስብ የለመዳችሁት ዓይነት ቢጠፋ ምን እንደሚተካው አስቀድማችሁ እወቁ። የመርፌ ቀጠሮ ማስታወሻ ደግሞ ከብድር መክፈያ ቀን ጋር አንድ ላይ ይያዝ፤ ያንን ቀን ማንም አይረሳም።

ጓደኛሽ ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ ብቻዋን አትሂድ። አንቺ አብረሻት ግቢ። በጠዋት፣ ተራው ሳይበዛ። «ልታወጣ ነው የመጣችው፤ መብቷ መሆኑን እናውቃለን» በሉ፤ በትህትና። ባለሙያዋ አልሠለጠንኩም ካለች እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ አትቆጧት። ግን በቃል አትመለሱ። የሪፈር ወረቀት ጽፋ ትስጣት። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ሂዱ። ስታስወጣ በዚያው ቀን ሌላ ዘዴ ልትይዝ ትፈልግ እንደሆነ አስቀድማ ታስብበት። ከወጣ በኋላ እርግዝና ሳምንት ላይጠብቅ ይችላልና። ለኤችአይቪ ወይም ለቲቢ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ለባለሙያዋ ትንገራት፤ ኢፋቪሬንዝና ሪፋምፒሲን ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያደክሙታል።